መኪናው ቢቆምም ባትሪው አይቆምም

«መኪናው ቆሟል» ሲባል ብዙ ኃላፊ የሚረዳው «ወጪ የለውም» ብሎ ነው። ነዳጅ አይጠጣም፣ ጎማ አይበላም፣ አበል የሚጠይቅ ሹፌር የለውም። ስለዚህ አጥር ጥግ ይቆማል፣ አቧራ ይለብሳል፣ ይረሳል። ከሁለት ወር በኋላ ሲፈለግ ቁልፉ ይዞራል፤ ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ዘበኛው፣ ተላላኪውና ሹፌሩ ተጠራርተው ይገፋሉ፤ ካልሆነም ከሌላ መኪና በኬብል ይሞከራል። በመጨረሻ የአዲስ ባትሪ ግዥ ጥያቄ ይጻፋል። ምክንያቱ ላይ «በእርጅና» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ባትሪው አላረጀም፤ ተርቦ ነው የሞተው።

ነገሩ የጋራዥ ወሬ የሚመስለው ካለ፣ ያው ባትሪ የት የት እንዳለ ያስብ። ምጥ የያዛትን እናት ከቀበሌ ወደ ሆስፒታል በሚያደርሰው አምቡላንስ ኮፈን ሥር አለ። መብራት ሲጠፋ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ከጨለማ በሚታደገው ጄኔሬተር ጎን አለ። የጄኔሬተሩ ጋን በናፍጣ ሞልቶ ቢፈስም፣ አስነሺው ባትሪ ባዶ ከሆነ ያ ሁሉ ነዳጅ ዋጋ የለውም። በዓለም ዙሪያ የመጠባበቂያ ጄኔሬተር ባለሙያዎች «ሲፈለግ አልነሣም» ለሚል አቤቱታ መጀመሪያ የሚመረምሩት ባትሪውን ነው። በየግቢው ግን የነዳጁ መጠን ይመዘገባል፤ የባትሪው ቮልት አይመዘገብም።

ሊድ አሲድ ባትሪ ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ አንድ ጠባዩ ግን አብሮት ኖሯል፦ ቢሠራም ባይሠራም ቻርጁን ያጣል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ማንም ሳይነካው በወር ከ3 እስከ 5 በመቶ ገደማ በራሱ ይቀንሳል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። ሰመራ ወይም ጋምቤላ የቆመ መኪና ደብረ ብርሃን ከቆመው ቀድሞ የሚደክመው ለዚህ ነው።

ከዚህ ላይ የመኪናው የራሱ ፍጆታ አለ። አላርሙ፣ ሰዓቱ፣ ሬዲዮውና ኮምፒውተሩ ሞተሩ ጠፍቶም ጥቂት ጥቂት ይጠጣሉ። ይህ ፍጆታ 50 ሚሊ አምፒየር ቢሆን በቀን 1.2 አምፒየር ሰዓት፣ በሳምንት 8.4፣ በወር 36 ይሆናል። ባለ 60 አምፒየር ሰዓት ባትሪ የያዘ መኪና ማንም ሳይነካው በአንድ ወር ውስጥ ከግማሽ በላይ ጎደለ ማለት ነው።

ጉዳቱ ቻርጁ በማለቁ ብቻ ቢያበቃ መልሶ መሙላት ይቻል ነበር። ባትሪው ሲጎድል በውስጡ ያሉት የእርሳስ ፕሌቶች በሰልፌት ይሸፈናሉ። ወዲያው ቻርጅ ከተደረገ ሰልፌቱ ይለቃል። ጎድሎ ለሳምንታት ከተቀመጠ ግን ይጠጥርና ክሪስታል ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ቢያድርም አይለቅም። ባትሪ ቤት የሚሠሩ ሰዎች «ቻርጅ አይዝም» የሚሉት ይህን ነው።

እዚህ ላይ በየቤቱ የተንሰራፋ አንድ እምነት አለ፦ «በሳምንት አንዴ አምስት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ባትሪውን ያድነዋል»። ባለቤቱ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ በየእሑዱ ለዘበኛው ይደውላል፤ ዘበኛውም አስነሥቶ ያጠፋል፤ ሁለቱም ግዴታቸውን የተወጡ ይመስላቸዋል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ባትሪው ከዲናሞው 20 አምፒየር ቢቀበል እንኳ በአምስት ደቂቃ የሚያገኘው 1.7 አምፒየር ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ሞተሪኖው ለማስነሣት የወሰደው ይቀነሳል። በሳምንቱ ውስጥ የወጣው 8.4 ነበር። ገቢው 1.5፣ ወጪው 8.4 የሆነ ሱቅ ስንት ሳምንት ይቆያል? በዚያ ላይ ሊድ አሲድ ባትሪ የመጨረሻውን ሩብ የሚሞላው በዝግታ፣ በሰዓታት ነው። አምስት ደቂቃ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ጎረቤት ያስነሣል፣ ሕሊና ያሳርፋል፤ ባትሪ ግን አይሞላም።

ሁለተኛው ስሕተት ባትሪው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። «ጥገና አያስፈልገውም» የተባለ ባትሪ ሲገዛ ብዙ ንብረት ክፍል ፋይሉን ይዘጋል። ጽሑፉ የሚለው ውኃ መጨመር አያስፈልገውም ነው። ቻርጅ አያስፈልገውም አላለም። የታሸገ ባትሪም በራብ ይሞታል።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ዞር ማለት ይጠቅማል፤ ንጽጽሩ ያማልና። በአሜሪካና በካናዳ በመኪና የሚጎተት፣ አልጋና ምድጃ ያለው የሽርሽር ቤት ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ካምፐር ትሬይለር ይሉታል። በጋውን ይዝናኑበትና ክረምቱን ያቆሙታል። ሲያቆሙት መጀመሪያ የሚያስቡት ለባትሪው ነው። የጋዝ ጠቋሚው መብራት ሁሉ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ እንደሚስብ ስለሚያውቁ ባትሪውን ሞልተው ኔጌቲቩን ይፈታሉ። አለዚያም ሲሞላ ራሱ ዝቅ በሚል ቻርጀር ላይ ይተዉታል። ብርዱ በሚበረታበት አገር የጎደለ ባትሪ ከዜሮ በታች በጥቂት ዲግሪ ወደ በረዶነት ተለውጦ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የሞላው ግን ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ እንኳ ይቋቋማል። ይህን የሚያደርጉት መሐንዲሶች አይደሉም፤ ጡረተኞችና የቤተሰብ አባወራዎች ናቸው። የሚጠብቁትም ነገር ቢበላሽ የሚቀረው ሽርሽር ብቻ ነው።

ለሽርሽር ቤት የሚደረገው ጥንቃቄ ለአምቡላንስ የማይደረግበት ምክንያት ምንድን ነው?

የመጀመሪያው መልስ «በጀት የለም» ነው። ይህ መልስ ራሱን ያፈርሳል፤ በጀት የሌለው መሥሪያ ቤት በየጊዜው አዲስ ባትሪ መግዛት አይችልምና። ቮልት የሚለካ ቴስተርና ራሱን የሚቆጣጠር ቻርጀር ተደምረው ከአንድ የትልቅ መኪና ባትሪ ዋጋ አይበልጡም፤ ደግሞም ለአንድ ሳይሆን በግቢው ላሉት ሁሉ ያገለግላሉ።

ሁለተኛው መልስ «መብራት ይጠፋል» ነው። መብራት መጥፋቱ እውነት ነው፤ የቆመ ባትሪ ግን ያልተቋረጠ መብራት አይለምንም። የሚፈልገው በቀን አንድ ሁለት አምፒየር ሰዓት መተኪያ ነው። ባለ 10 ዋት ትንሽ የፀሐይ ፓኔል ከመቆጣጠሪያው ጋር በአምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ወደ 4 አምፒየር ሰዓት ይሰጣል፤ መኪናው ከሚያፈሰው ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ራሷን «የ13 ወር ፀሐይ» እያለች ስታስተዋውቅ የኖረች አገር በመኪና ጣሪያ ላይ ለምታርፍ አንዲት ፓኔል ፀሐይ አጣሁ ብትል ያሳፍራል።

ሦስተኛው መልስ «የሹፌሩ ሥራ ነው» የሚለው ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉታል ይሄ ነው። ሹፌሩ መኪናውን ካስረከበ በኋላ ቁልፉ ስምሪት ክፍል ነው፤ መኪናው የጠቅላላ አገልግሎት ነው፤ ባትሪው የንብረት ክፍል ነው፤ ግዥው የግዥ ክፍል ነው። አራት ባለቤት ያለው ባትሪ ባለቤት የለውም።

የችግሩ ሥር እዚህ ነው። ሰኔ 30 ሲደርስ የንብረት ቆጠራ ይደረጋል። ቆጣሪው ሰሌዳውን አይቶ «አንድ መኪና፣ አለ» ብሎ ይጽፋል። ጄኔሬተሩንም አይቶ «አንድ ጄኔሬተር፣ አለ» ይላል። መነሣቱን የሚጠይቅ ዓምድ ቅጹ ላይ የለም። አዲስ ባትሪ ሲገዛ ደረሰኝ አለ፣ ፊርማ አለ፣ ለኦዲተር የሚቀርብ ወረቀት አለ። ባትሪው እንዳይሞት የተደረገ ጥንቃቄ ግን ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ አይታይም፣ ስለዚህም አይሠራም። ሥርዓቱ የሚያውቀው መግዛትን ነው፤ መጠበቅን አልተማረም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን በየስብሰባው የሚጠቅስ ኃላፊ ሞልቷል፤ ቅጠሏን የሚይዝ ግን አልተመደበም።

ባትሪን መንከባከብ አለመቻል ምን ያህል ከባድ ችግር እንደሆነ ለማየት የክትባት ማቀዝቀዣዎችን ታሪክ ማየት ይበቃል። በፀሐይ የሚሠሩ የቀድሞ ማቀዝቀዣዎች ባትሪ ነበራቸው። ባትሪዎቹ በየገጠሩ ጤና ተቋም ሲሞቱ ማቀዝቀዣውም አብሮ ሥራ ያቆም ነበር። በመጨረሻ ሠሪዎቹ ሌላ መላ ዘየዱ፦ ኃይሉን በባትሪ ማከማቸት ትተው ቅዝቃዜውን በበረዶ የሚያቆዩ፣ በቀጥታ ከፀሐይ የሚሠሩ ማቀዝቀዣዎች አመጡ። የሰውን ቸልታ መጠገን ሲያቅት ዕቃውን ቀየሩት። አምቡላንስን ግን ያለ ባትሪ መሥራት አይቻልም።

በቸልታ የሞተ ባትሪ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም። ቆራሌው ይገዛዋል፤ ከዚያም የሆነ ቦታ ተሰብሮ እርሳሱ ይቀልጣል። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። ዳካር ዳርቻ ባለችው ቲያሮዬ ሱር ሜር አሮጌ ባትሪ እየተሰበረ እርሳስ በሚለቀምበት ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ 18 ሕፃናት ሞተዋል፤ ምርመራውም የእርሳስ መመረዝን አመልክቷል። ኬንያ ሞምባሳ ውስጥ ኦዊኖ ኡሁሩ በተባለ መንደር አጠገብ የነበረ የባትሪ እርሳስ ማቅለጫ ነዋሪውን መርዞ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ፍርድ ቤት 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ ፈርዷል። ከዕድሜው በፊት የሞተ እያንዳንዱ ባትሪ በዚህ መንገድ ላይ አንድ ተጨማሪ ጭነት ነው።

«ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ይህ ሁሉ ያልፋል» የሚልም አይጠፋም። ኢትዮጵያ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ እ.ኤ.አ. በ2024 መከልከሏ ይታወቃል። ነገር ግን አብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሞልቶም መኪናው አይነሣም። ትልቁ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲቆም ጠባዩ የተለየ ነው፤ ጥግ ድረስ ሞልቶም ባዶ ሆኖም መቀመጥ አይወድም፣ ግማሽ አካባቢ ይሻለዋል። አሮጌውን ባትሪ መጠበቅ ያልለመደ ግቢ ከብዙ እጥፍ የሚወደደውን አዲሱን እንዴት ይጠብቃል?

መፍትሔው ጥናትም ዐውደ ጥናትም አይጠይቅም። በየግቢው ባትሪ የሚመለከተው አንድ ሰው በስም ይመደብ። በወር አንድ ቀን፣ መኪናው ወይም ጄኔሬተሩ ለሰዓታት ካረፈ በኋላ፣ ቮልቱን ለክቶ ኮፈኑ ሥር በተንጠለጠለ ካርድ ላይ ይጻፍ። 12.6 እና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት ሩብ ስለሆነ ቻርጅ የሚደረግበት ጊዜ ደርሷል። 12.2 ግማሽ ነው፤ 12 ከሆነ ዘግይቷል። ለወራት የሚቆም መኪና ሞልቶ ኔጌቲቩ ይፈታ። ባለ 10 ቁልፍ ለብዙው መኪና ይበቃል፤ የሬዲዮና የአላርም ኮድ ካለው አስቀድሞ ይመዝገብ። በማንኛውም ሰዓት ሊጠራ የሚችል አምቡላንስና መጠባበቂያ ጄኔሬተር ግን ኬብላቸው አይፈታም፤ ሲሞላ ወደ 13.5 ቮልት ገደማ ዝቅ ብሎ የሚጠብቅ ቻርጀር ወይም ፓኔል ይገጠምላቸው። ጄኔሬተሩም መብራት እስኪጠፋ ሳይጠበቅ በወር አንድ ጊዜ ጭነት ተሸክሞ ይሞከር። ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ የተጣራ ውኃ ብቻ ይጨመርበት፤ የቧንቧ ውኃ ገዳይ ነው።

በቆጠራው ቅጽ ላይ ደግሞ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ «ይነሣል ወይስ አይነሣም?»

የወረዳ ምክር ቤት አባል፣ የጤና ጣቢያ ቦርድ ሰብሳቢ፣ ለአምቡላንስ መግዣ ያዋጣ ነዋሪ ይህን ጥያቄ የመጠየቅ መብት አለው። ካርዱን አሳዩን ይበል። ካርድ ከሌለ ማን እንደተመደበ ይጠይቅ። ማንም ካልተመደበ ቀጣዩ የባትሪ ግዥ ጥያቄ ሲቀርብ «በእርጅና» የሚለው ቃል ተሰርዞ እውነተኛው ምክንያት ይጻፍ። ያኔ ከግዥው በፊት ፊርማውን የሚያኖር ኃላፊ ብዕሩን ይዞ ትንሽ ማሰቡ አይቀርም።