በቤቱ ሆኖ ለሚነጋገር ሹም የሚስማማ የድምፅ መሣሪያ

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲቋቋም ወላይታ ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች፤ ሌሎቹ ቢሮዎች ግን በአርባ ምንጭ፥ በዲላና በሌሎችም ከተሞች ተከፋፍለው ስለሚገኙ፥ ለስብሰባ ሁሉ መኪና አስነሥቶ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ከቤታቸው ሆነው በላፕቶፕ ለሚነጋገሩ ክቡራን አንባቢዎቻችንና ለቤተ ሰቦቻቸው፥ ስለ ጆሮ ማዳመጫና ስለ ማይክሮፎን አመራረጥ ጥቂት ልንናገር አሰብን።

አስቀድሞ በራሳችን የደረሰውን እንናገር። ባለፈው ክረምት፥ የዳሞታ ተራራ በደመና ተሸፍኖ በዋለበት ቀን፥ ባላቸው ስለ ሞቱባቸው አንዲት እናት የጡረታ ጉዳይ በሌላ ከተማ ለተሰበሰቡ ሰዎች ልናስረዳ ተቀመጥን። ያደረግነው የጆሮ ማዳመጫ ብዙ ገንዘብ የወጣበትና ‹‹ጫጫታ ያጠፋል›› የተባለለት ነበር። ዝናሙ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እኛ አልሰማነውምና፥ ደስ ብሎን ሩብ ሰዓት ያህል ተናገርን። ሰዎቹ ድምፃቸውን ዘግተው እጃቸውን ሲያወዛውዙ ባየን ጊዜም በነገሩ የተስማሙ መሰለን። እነርሱ ግን ከዝናሙ በቀር አንዳች አልሰሙም ኖሮ፥ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ። ሴትዮዋም አንድ ወር ሙሉ ያለ ጡረታ ቈዩ።

ስሕተቱ የእኛ ነው። ጫጫታ የሚያጠፋው መሣሪያ የውጭውን ድምፅ ለክቶ ተቃራኒውን ሞገድ በማውጣት የባለቤቱን ጆሮ ብቻ ያሳርፋል፤ ወዲያ ማዶ ላለው ሰው የሚሄደውን ድምፅ በዚህ አያጠራውም። ስለዚህ ገዢ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ማይክሮፎኑን ነው። ከሁሉ የሚሻለው በትንሽ ዘንግ ላይ ሆኖ ወደ ከንፈር ጫፍ የሚደርሰው ነው፤ ሁለት ጣት ያህል ርቆ፥ ትንፋሽ እንዳይመታው ወደ ጐን ዘወር ብሎ ይቀመጣል። የተናጋሪው ድምፅ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቍጥር ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የዝናሙ ድምፅ ግን ማይክሮፎኑ በክፍሉ ውስጥ የትም ቢቀመጥ ያው ነው። ዘንጉን ‹‹የስልክ ቤት ሠራተኛ ያስመስላል›› ብለው የሚንቁት ባለማዕርጎች አሉ፤ እኛ ግን ከመጮኽ መምሰልን መርጠናል።

ባለ ሽቦው ከብሉቱዙ ይመረጣል፤ ብዙዎቹ ብሉቱዞች ማይክሮፎናቸው ሲከፈት ድምፁን ያጠብቡታልና። ይህ ጥቃቅን ነገር አይምሰል። በተራ የስልክ መሥመር የሚያልፈው ድምፅ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያህል ነው፤ ‹ሰ› እና ‹ፈ› የሚለዩበት ረቂቅ ድምፅ አብዛኛው ከዚያ በላይ ስለ ሆነ፥ ‹‹ሠራ›› የተባለው ‹‹ፈራ›› ተብሎ ሊሰማ ይችላል። ስለ ሹም ሲነገር ልዩነቱ ቀላል አይደለም!

በላፕቶፑ ስፒከር መስማትም አይበጅም፤ የሌሎቹ ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ ተመልሶ ይገባና ሰው የራሱን ቃል እንደ ገደል ማሚቶ ይሰማዋል። በቤት ውስጥ አንዱን ጆሮ ብቻ የሚሸፍነው መልካም ነው። ሁለቱ ጆሮው የተደፈነ ሰው የራሱን ድምፅ በሚገባ ስለማይሰማ ይጮኻል፤ የመሥሪያ ቤቱም ምሥጢር እስከ ማድ ቤት ይደርሳል።

የአባቶች የሣር ቤት ዝናሙን በዝምታ ይቀበለው ነበር። ዛሬ ቆርቆሮ ከሆነ ዘንድ፥ ከቤቱ ክፍሎች ኮርኒስ ያለው ይመረጥ። በግድግዳው ላይ ቡሉኮ ቢሰቀል ማስተጋባቱን ይቀንሳል፤ ዝናሙን ግን አይከለክልም።

ከተገዛም በኋላ ዝናም በሚጥልበት ሰዓት የራስን ድምፅ በላፕቶፑ ቀድቶ መስማት ይገባል። እኛ ይህን ያደረግነው ከዚያ ስብሰባ በኋላ ነው። በተከታዩ ወር፥ ዝናሙ እንደ ፊተኛው እየጣለ፥ በርካሹ ባለ ሽቦ ማዳመጫ ጉዳዩን እንደ ገና አስረዳን፤ የሴትዮዋም ጡረታ ተፈቀደ።