ዳገት ላይ የሚፈላ መኪና

ሰውና ዕቃ የጫነ አሮጌ መኪና ከወረታ በዓለም በር አድርጎ ደብረ ታቦር እስኪደርስ ከ800 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ጌጁ ቀዩን የሚነካው፣ ከኮፈኑ ሥርም እንፋሎት የሚወጣው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው ዳገት ላይ ነው።

ብዙዎች ከወንዝ ውሃ ቀድተው ሞልተው ጉዞ ይቀጥላሉ። ይሁን እንጂ ውሃው ለምን ፈላ?

ውሃ በባሕር ጠለል ደረጃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር ግን በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጤነኛ ሞተርም የሚሠራው በዚሁ ሙቀት ገደማ ነው። እንዳይፈላ የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ከያዘ ውሃው እስከ 110 ዲግሪ እንኳ አይፈላም። ጎማው የደረቀ ክዳን ቆላ ላይ ችግሩ ባይታወቅ እንኳ ደጋ ላይ ይጋለጣል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ ክዳኑን መርምሩ፤ ከቀየራችሁም በላዩ የተጻፈው የግፊት ቁጥር አንድ ዓይነት ይሁን።

ጌጁ ከፍ ማለት ሲጀምር ማርሽ ቀንሱ፤ የመኪናውን ማሞቂያ ክፈቱ፤ የሞተሩን ሙቀት ይቀንሳል። እንፋሎት ከታየ ግን ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ክዳኑን አትንኩ፤ የሚፈናጠረው ውሃ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ልጆችንም አርቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ከቀዘቀዘ በኋላ የቬንትሌተሩ ቺንጋ እንዳልላላ፣ ቱቦዎቹ እንደማያፈሱ፣ የራዲያተሩ ፊት በአቧራና በገለባ እንዳልተደፈነ እዩ። ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ፣ ዘይቱም ወተት ከመሰለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ይሆናል፤ መካኒክ ሳያየው አትንዱት።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ጌጁን ጎን የተቀመጠውም ይከታተል። ሚስት «ትንሽ እንቁም» ስትል ባል አይቆጣ። የግማሽ ሰዓት መዘግየት ወጪ የለውም፤ የተጣመመ ቴስታታ ግን የቤቱን የወራት አስቤዛ ይዞ ይሄዳል።

መልካም ጉዞ!