ሊትር ኪሎ አይደለም!

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ስለ ጣሳ ነው የማወራችሁ… (ጣሳውንም ፖለቲካ ካላደረጋችሁት በቀር!)

የእናቴ እህት የምትኖረው ታች ጋይንት ነው፤ አርብ ገበያ አጠገብ። የከተማዋ ስም ራሱ ቀጠሮ ስለሆነ «ገበያው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ልጠይቃት የሄድኩ ጊዜ ማር ልትሸጥ ይዛኝ ወጣች። ነጋዴው ማሩን በጣሳ ሰፈረና አምስት ጣሳ ቆጠረ። ከዚያ ሒሳቡን አስረዳን።

«ጣሳዋ ልክ አንድ ሊትር ትይዛለች። ሊትር ማለት ደግሞ ኪሎ ነው። የአምስት ኪሎ እከፍላለሁ።»

አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ። «ልክ ነው እንዴ ልጄ?»

እኔ የተማርኩ የከተማ ልጅ አይደለሁ… «ልክ ነው እትዬ» አልኳት።

ልክ አልነበረም።

አዲስ አበባ ስመለስ ከሰጠችኝ ማር አንድ ሊትር በሚይዝ ሃይላንድ ሞላሁና ሰፈር ያለ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ገደማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ የሚሆነው ውሃ ሲሆን ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1795 ሊትርንና ግራምን ሲደነግጉ ግራሙን የለኩት በውሃ ስለነበር ሁለቱ ገጠሙ። ሌላው ፈሳሽ ግን የራሱ ክብደት አለው። የማር ሊትር 1.4 ኪሎ አካባቢ ነው። የዘይት 920 ግራም ገደማ፣ የላምባ ደግሞ 800 ግራም ገደማ።

እንግዲህ አስሉት። የአክስቴ አምስት ጣሳ ሰባት ኪሎ ነበር። ሁለት ኪሎ ማር በእኔ «ልክ ነው» ሄደ። ሃያ ሊትር ጀሪካን ማር ቢሆን 28 ኪሎ ነው፤ ስምንት ኪሎው የት ገባ ሊባል ነው! ደግሞ ያቺው አክስቴ ዘይት ልትገዛ ስትሄድ አንድ ሊትር ቀድተው «ኪሎ ነው» ቢሏት 80 ግራም ይጎድልባታል። ስትሸጥም ስትገዛም የምትከስረው እሷ ናት ማለት ነው።

«ጣሳ ይከልከል!» የሚል አይጠፋም። አገራችን የሜትሪክ ሥርዓትን በሕግ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ከ60 ዓመት በላይ ሆነው፤ ጣሳው ግን አሁንም አለ። እኔ በጣሳ ላይ ጥል የለኝም። ቂጡ እስካልተጨረመተ ድረስ ሻጭም ገዢም እኩል ያዩታል፤ ምራቂም አለው። ደግሞስ የራሳችን ያደረግነው ጀሪካን በ1930ዎቹ የጀርመን ጦር ያሠራው የነዳጅ ዕቃ አይደል? ሕዝብ በለመደው ቢሰፍር ችግር የለም። ገንዘቡ የሚጠፋው ከጣሳ ወደ ሊትር፣ ከሊትር ወደ ኪሎ ስንሻገር ነው። መሻገሪያውን የሚያውቀው ደግሞ አንዱ ወገን ብቻ ነው።

ትምህርት ቤት አንድ ሊትር 1000 ሚሊ ሊትር መሆኑን በቃላችን ወጥተነዋል። «አንድ ጣሳ ማር ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ የጠየቀን ግን የለም።

ስለዚህ ለበዓል አገር ቤት የምትወርዱ ሁሉ አንድ አደራ! ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ያዙ። ውሃ ሞልታችሁ ወደ ጣሳው ገልብጡ፤ ጣሳው ስንት እንደሚይዝ በዚያው ይታወቃል። ማር ከሆነ ሊትሩን በ1.4 አባዙት። ከዚህ የሚቀለው ግን ይኼ ነው፦ በኪሎ ዋጋ የሚከፍል ሚዛን ያምጣ፤ በጣሳ የሚሰፍር በጣሳ ዋጋ ይከራከር። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባል የለ?

አክስቴ ጋ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምን ነበር የምትማረው?» አለችኝ።

እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም። ቸር ሰንብቱ!