ሹዋሊድ፦ ወደ አገር ቤት የሚጠራ ከበሮ

ዛሬ ስለ ዘፈንና ስለ በዓል እንጨዋወት።

ድሬዳዋ የመንገደኛ ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ሲደርስ ተቆረቆረች። ዛሬም የረመዳን ጾም ሲፈታ በአውሮፕላን ማረፊያዋ ሻንጣ የያዘ ሰው ይታያል። ከሩቅ አገር የሚመጡ የሐረሪ ተወላጆች ድሬዳዋ ይወርዱና የደንገጎን ዳገት ወጥተው ሐረር ይገባሉ። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ምን ፈልገው ነው የሚመጡት? ዘመድ ለመጠየቅና ሹዋሊድን ለማክበር ነው።

ከረመዳን ቀጥሎ ሹዋል የሚባል ወር ይገባል። በዚህ ወር ስድስት ቀን ይጾማል። በረመዳን ጾም ያመለጣቸው ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ያን ጊዜ ያካክሳሉ። ጾሙ ሲያልቅ ሹዋሊድ ይከበራል። በዓሉ ሦስት ቀን ነው። ወሩ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀድሞ ይመጣል።

በበዓሉ ዚክሪ ይባላል። ዚክሪ የምስጋና ዜማ ነው። መሪው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ከበሮ ይመታል። ካበል የሚባሉት የእንጨት ቁራጮችም እየተጋጩ ምቱን ያደምቃሉ። ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጃገረዶች ጸጉራቸውን በባህሉ ይሠራሉ። ጎረምሶች በትር ይይዛሉ። ዩኔስኮ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ሹዋሊድን ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር መዘገበው።

አሁን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ከማስተምራቸው እናቶች አንዷ ሐረር የተወለዱ ናቸው። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ ከውጭ አገር ደውሎ፣ ‹እማ፣ የአያቴን ዚክሪ ላኪልኝ፣ ለልጆቼ ላስተምር› አለኝ። ዜማውን አልረሳሁትም። ግጥሙ ግን ሦስተኛው መሥመር ላይ ጠፋኝ። የምታውቀው እናቴ ነበረች፤ እሷም የለች።»

እኔም፣ «እማማ፣ የሚያስታውሱትን ይጻፉት» አልኳቸው። በሐረሪ ቋንቋ፣ በተማሩት ፊደል ጻፉት። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሁለት ማታ ፈጀባቸው። ሦስተኛውን መሥመር ባዶ ተዉት። ሽማግሌዎችንም ጠየቁ። የሚያውቅ አልተገኘም።

ልጃቸው ለሹዋሊድ ሲመጣ ወረቀቱን ሰጡት። እሱም ባዶውን መሥመር አይቶ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ይህም ባይጻፍ ኖሮ ሁሉም ይጠፋ ነበር'ኮ!» አለ።

ውድ አንባቢዎች፣ ሕንፃ ሲፈርስ ድንጋዩ ይቀራል። ያልተጻፈ ዘፈን ግን ከሰውዬው ጋር ይቀበራል። በኦሮምኛም ይሁን በሶማሊኛ፣ በአማርኛም ይሁን በሐረሪ፣ በእናንተ ቤትም እንዲህ ያለ ዘፈን አይጠፋም። የሠርግ ይሁን፣ የአዝመራ ይሁን፣ እንግዳ መቀበያ ይሁን፣ ዛሬ ማታ ከቤታችሁ ትልቅ ሰው አጠገብ ተቀመጡ። እርሳስ ያዙ። አንድ ዘፈን ብቻ ጻፉ።

አዲስ ቃላት፦
ቅርስ — ከአባቶችና ከእናቶች የተረከብነው ሀብት
ማካካስ — የጎደለውን መሙላት

ጥያቄ፦
1. ሹዋሊድ በየዓመቱ ቀኑ የሚለዋወጠው ለምንድን ነው?
2. እናትየዋ አንዱን መሥመር ባዶ የተዉት ለምንድን ነው?
3. እናንተስ የትኛውን ዘፈን ትጽፋላችሁ?