ዶሮዋ ሳትመረመር ካፕሱሉ ተከፈተ

መርካቶ ዶሮ ተራ የገባ ገዢ ዶሮ መመርመር ያውቅበታል። በክንፏ ብድግ አድርጎ ክብደቷን በእጁ ይመዝናል፤ ደረቷን ዳብሶ ሥጋዋን ይለካል፤ ላባዋን እፍ ብሎ ገልጦ ቆዳዋን ያያል። ዓይኗ ካልፈዘዘ ዋጋ ተከራክሮ ይዟት ይሄዳል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ዶሮዋ ጤነኛ እስከሆነች ድረስ ብቻ ነው። ቤት ገብታ ክንፏን ጥላ ማንቀላፋት ስትጀምር ምርመራው ይቆምና «ፈንግል ነው» ይባላል። መድኃኒቱም ወዲያው ይታዘዛል፤ ቴትራ።

ቴትራ ማለት ቴትራሳይክሊን ነው። ከሰው ፋርማሲ የተገዛው ካፕሱል ይከፈትና ዱቄቱ ውኃ ላይ ይበተናል፤ አለዚያም ዶሮዋ በግድ ትጋታለች። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ፌጦ፣ አንዳንዴም አረቄ ይከተላል። ልማዱ እንዲህ ሥር ከመስደዱ የተነሳ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደ አላዋቂ ይታያል። ፈንግል የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ ቴትራሳይክሊን ደግሞ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ክርክሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

አላለቀም፤ «ሰጥቻት ድናለች» የሚል ሰው ሞልቷላ! ይህ ሰው አይዋሽም። ካፕሱሉ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ሁለት ሦስት ዶሮ ከሞተ በኋላ ነው። ያን ጊዜ በሕይወት ከቀሩት አንዳንዶቹ በሽታውን በራሳቸው እየተቋቋሙት ይሆናል። ቫይረሱ ባደከመው ሰውነት ላይ ተደርቦ የመጣ ባክቴሪያ ካለም መድኃኒቱ እሱን ሊያስታግስ ይችላል። ከነጭራሹም በሽታው ፈንግል ላይሆን ይችላል። የዳነችዋ ግቢ ውስጥ እየተንጎራደደች ለጎረቤት ምስክር ትሆናለች፤ የሞቱት ተጥለዋል፣ ማንም አይቆጥራቸውም።

የልማዱ ትልቁ ጥፋትም መድኃኒቱ አለመሥራቱ ሳይሆን ጥያቄውን መዝጋቱ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ኮክሲዲዮሲስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፣ የራሱ መድኃኒት አለው። የዶሮ ታይፎይድ ባክቴሪያ ነው። ጫጩቶችን የሚፈጀው ጉምቦሮ እንደ ፈንግል ቫይረስ ነው። የአንገት መጠምዘዝ የታወቀ የፈንግል ምልክት ቢሆንም የቫይታሚን እጥረትም ያመጣዋል። ከሩቅ ሲታዩ ግን ሁሉም ያው ናቸው፤ ላባዋን ነፍታ ጥግ የያዘች ዶሮ። ለመለየት ሬሳው ተከፍቶ ውስጡ መታየት አለበት፤ ለምሳሌ በጨጓራው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የደም ነጠብጣብ መኖሩ ወደ ፈንግል ይጠቁማል። እርግጠኛ ለመሆን ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። አገር አቀፉ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ተቋም ያለው ሰበታ ነው፤ ከመርካቶ ሩቅ አይደለም። የሞተችው ዶሮ ግን የምትሄደው ወደ ቦይ ነው።

«ምርመራ የቅንጦት ነው፤ ፈረንጅም ሳያውቅ ያክማል» የሚል ካለ፣ በከፊል ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ኮራሎች፣ ማለትም የድንጋይ አፅም የሚሠሩ የባሕር እንስሳት፣ ሥጋቸው እየተገፈፈ ነጭ አፅም ብቻ መቅረት ጀመረ። አምጪውን ተሕዋስ በእርግጠኝነት ሳይለዩ ባለሙያዎች አሞክሲሲሊን በልዩ ቅባት ለውሰው የቁስሉን ጠርዝ ቀቡ፤ ብዙ ቁስል ቆመ። ልዩነቱ የተቀባውንና ያልተቀባውን ለይተው መከታተላቸው ነው። በዚህም ሕክምናው አዲስ ቁስል እንዳይወጣ እንደማይከለክል ደረሱበት። ቤታቸው በመስታወት ገንዳ ኮራል ከሚያረቡት መካከል ግን እንደኛው የሚያደርጉ አሉ፤ ጨዉንና ሙቀቱን ሳይለኩ፣ ሥጋ የሚበላ ትል መኖሩን በአጉሊ መነጽር ሳያዩ አንቲባዮቲክ ገንዳው ውስጥ ይጨምራሉ። ጥድፊያ አገር አይመርጥም።

ወደ ካፕሱሉ እንመለስ። የተለካው ለአዋቂ ሰው ነው፤ ዶሮዋ አንድ ኪሎ ተኩል ብትመዝን ነው። የታመመች ዶሮ ውኃም በወጉ አትጠጣም፤ ስለዚህ መድኃኒቱን ይበልጥ የምትወስደው ጤነኛዋ ናት። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ደግሞ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ካልሲየም ቴትራሳይክሊንን አስሮ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ሰው ይህን መድኃኒት በወተት እንዳይወስድ የሚመከረውም ለዚሁ ነው። የገባው ያህል ደግሞ ሥጋና እንቁላል ውስጥ ይቆያል። ያቺው ዶሮ ለበዓል ታርዳ ድስት ስትገባ «መድኃኒቱን ከወሰደች ስንት ቀን ሆናት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ምንም ካለማድረግ ይሻላል» የሚለው ማመካኛ የሚፈርሰው እዚህ ነው፤ መድኃኒቱን የለመደው ባክቴሪያ ነገ ወደ ሰው ይሻገራል።

ጥፋቱን ሁሉ ስድስት ዶሮ ባላት እናት ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ፈንግል ክትባት አለው። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ሙቀት የሚቋቋመው የክትባት ዓይነትም በዓይን ጠብታ መሰጠት ይችላል። ችግሩ ብልቃጡ ነው። የሚዘጋጀው ለብዙ ዶሮ ነው፤ ከተበጠበጠ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስድስት ዶሮ ላላት ሴት ይህ ሠርግ ደግሶ ብቻውን እንደሚበላ ሰው መሆን ነው። ካፕሱሉ ግን በፍሬ ይሸጣል። የእንስሳት መድኃኒትን የሚቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ወጥቷል፤ አዋጁ ግን ብልቃጡን አያሳንሰውም። «ቴትራ አትስጡ» ብሎ የሚመክር ባለሙያ በየሠፈሩ ጎረቤት ተጠራርቶ አንድ ብልቃጥ የሚካፈልበትን ቀን ካልቆረጠ ምክሩ ከግማሽ መንገድ አያልፍም። ቀኑም በሽታው ሳይገባ መሆን አለበት፤ ክትባት የታመመችውን አያድንም።

ከገበያው ወገን ያለው ደግሞ ይብሳል። ጓሮ ውስጥ አንዲት ዶሮ ስትሞት የቀሩትን ቶሎ መሸጥ የተለመደ ብልጠት ነው። ፈንግል ምልክት ሳያሳይ ለቀናት ይቆያል፤ ዓይኗ ያልፈዘዘ፣ ደረቷ የሞላ ዶሮ ያንን ሁሉ ዳሰሳ አልፋ ትገዛለች። ዶሮ ተራ ላይ ከተለያየ አገር የመጡ ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ በአንድ ቅርጫት ይታጎራሉ። ሲመሽ ከቅርብ የመጣው ሻጭ ያልተሸጡለትን ይዞ ይመለሳል፤ ቤት ሲደርስም ይፈታቸውና ከጓሮው ዶሮዎች ጋር ያሳድራቸዋል።