የትርዒት ቀን አይራዘምም፤ ዝግጅቱ ከአውድማ ይጀምር

የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ምርታቸውን በንግድ ትርዒት ላይ አቅርበው ከገዢ ጋር ፊት ለፊት መነጋገራቸው እየተለመደ የመጣ ተግባር ነው። በአገር ውስጥ በዓላት ሲቃረቡ በሚዘጋጁት ኤግዚቢሽንና ባዛሮች ላይ ጤፍ፣ ማር፣ ቅቤና ቡና ይዘው ይቀርባሉ። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው አዲስ ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን ማዕከልም ለትልልቅ ትርዒቶች የሚሆን ተጨማሪ ስፍራ አስገኝቷል። በውጭ አገር ደግሞ የቡና ገዢዎች በየዓመቱ የሚሰበሰቡባቸው ትርዒቶች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ከሰኔ 19 እስከ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ፣ በጄኔቫ ከተማ የተካሄደው ነው። የቆየውም ሦስት ቀን ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለው ትርዒት የሚከፈትበት ቀን እንደ ዘር ወቅት ነው፤ ያልተዘጋጀውን አይጠብቅም። በሩ ሲከፈት በተለምዶ ስታንድ የሚባለውን የማሳያ ስፍራ ገና በመዶሻ የሚመታ፣ ናሙናውም በመንገድ ላይ የቀረበት ማኅበር የመጀመሪያውን ቀን ያጣል። በሦስት ቀን ትርዒት አንድ ቀን ማለት ከአባላት ገንዘብ የተከፈለው ኪራይ ሲሶ ነው። ከኪራዩ ይልቅ የሚብሰው ደግሞ የሚጎድለው እምነት ነው። ገዢው የማኅበሩን መጋዘን አላየም፤ የአባላቱንም ማሳ አያውቅም። የሚያየው ስታንዱን ነው። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነች ስፍራ በቀጠሮ ማሰናዳት ያልቻለ ማኅበር ኮንቴይነር ሙሉ ቡና በውሉ ቀን ይጭናል ብሎ ለማመን ይቸገራል።

ጉዳዩ ለማኅበራቱ ትልቅ ትርጉም አለው። የኦሮሚያ፣ የሲዳማና የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ከ1991 እስከ 1994 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ሲቋቋሙ አንዱ ዓላማቸው የአባላትን ቡና በመካከል ነጋዴ ሳይገባበት ለውጭ ገዢ ማድረስ ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የቡና ንግድ በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ሲደረግም ዩኒየኖቹ በቀጥታ የመላክ መብታቸው ተጠብቆላቸዋል። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ያገኘችው ገቢ ከ2 ቢሊዮን 600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። ይሁን እንጂ በቀጥታ የመላክ መብት ገዢ ካልተገኘለት ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ስታንድ በቀኑ ሳይደርስ ሲቀር ጥፋቱ በአናጢው ላይ ይጣላል። ነገሩ በጥሞና ሲታይ ግን ሥራው ሰንሰለት ሆኖ ይገኛል። አናጢው እንጨት ለመቁረጥ ልክ ይፈልጋል፤ ልኩ የሚታወቀው ስፍራው ሲያዝ ነው፤ ስፍራው የሚያዘው ክፍያ ሲፈጸም ነው፤ ክፍያው የሚፈጸመው በጀቱ ሲፈቀድ ነው፤ በጀቱም የሚፈቀደው በቃለ ጉባኤ ነው። በመሆኑም በኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳምንት ያደረ ጉዳይ ከአናጢው ላይ ሁለት ሳምንት ይወስድበታል። የመክፈቻው ቀን ስለማይገፋ የጎደለው ጊዜ በሌሊት ሥራና በውድ የመኪና ኪራይ ይካካሳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለውም በጥድፊያ የቆመው ግድግዳ በትርዒቱ መካከል ይዘማል።

ስለዚህ ዕቅዱ መውጣት ያለበት ከመክፈቻው ቀን ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ለምሳሌ አንድ ትርዒት ነሐሴ 20 ቀን የሚከፈት ቢሆን ስታንዱ ነሐሴ 18 እና 19 ቀን ይተከላል፤ በዋዜማው ማታ መብራቱ ተሞክሮ፣ ወለሉ ተጠርጎ ያድራል። ወሩ ክረምት ስለሆነና የገጠር መንገድ ስለሚበላሽ ዕቃው ቢዘገይ ነሐሴ 10 ቀን መነሣት አለበት። ከዚያ በፊት በሐምሌ አጋማሽ ስታንዱ በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ አንድ ጊዜ ተገጣጥሞ ይታያል፤ የጎደለ ብሎን፣ ያጠረ ሳንቃ፣ በስሕተት የተጻፈ ስም የሚገኘው እዚያ ነውና። ይህ እንዲሆን የእንጨትና የብረቱ ሥራ በሰኔ መጨረሻ፣ ንድፉ በግንቦት መጨረሻ ማለቅ ይኖርበታል። ስፍራው በሚያዝያ ተከፍሎበት ይያዛል፤ ውሳኔውም በመጋቢት ይሰጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ናሙናው ነው። ጤፍ በአብዛኛው በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ይወቃል። ለነሐሴ ትርዒት የሚሆነው ጤፍ በሐምሌ ከየቤቱ ጎተራ ቢለቀም የተደባለቀ ይሆናል። ስለዚህ ምርጡ ከአውድማው ላይ ተለይቶ፣ ምልክት ተደርጎበት በደረቅ ስፍራ መቀመጥ አለበት። የደጋ ማርም ከአደይ አበባ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል። ቡናም ቢሆን በብዙ ስፍራ ከጥቅምት እስከ ጥር ተለቅሞ፣ ሳይታጠብ የሚዘጋጀው በአልጋ ላይ ሲደርቅ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ከዚያም መፈልፈልና መለቀም አለበት። በየካቲት በሚከፈት ትርዒት አዲሱን ቡና አቀርባለሁ ያለ ማኅበር ቀኑን አስቀድሞ ካልቆጠረ ያለፈውን ዓመት ቡና ይዞ ይቆማል። የሰኔ ትርዒት ግን ለአዲሱ ምርት በቂ ጊዜ ይሰጣል። የትኛው ትርዒት ለየትኛው ምርት እንደሚስማማ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ገበሬው ራሱ ነው።

ስፍራው ሲያዝ በጽሑፍ መጠየቅ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። በብዙ ትርዒቶች ትንሹ ስፍራ 9 ካሬ ሜትር ነው። ግድግዳው፣ የስም ሰሌዳውና መብራቱ በአዘጋጁ የሚቀርብ ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀርብ ማኅበርም የሚሻለው ይኸው ነው። ባዶ ወለል የተከራየ ግን ንድፉን ለአዘጋጁ አስቀድሞ አቅርቦ ማስፈቀድ ሊኖርበት ይችላል። የመብራቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። እንጀራ እየጋገሩ ጤፋቸውን ለማስቀመስ የሚያስቡ ማኅበራት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ እንደሚወስድ ማወቅ አለባቸው፤ ለአምፑል የተዘረጋ መስመር ይህን አይችልም። ቡና በከሰል ለማፍላትም ከሰል የማያስገቡ አዳራሾች ስላሉ ፈቃዱ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ክፍሎችን ሠርቶ ወስዶ በስፍራው መገጣጠም አዲስ ዘዴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን ለተከፈተው ታላቅ ትርዒት የታነጸው የብረትና የመስተዋት ቤት ርዝመቱ ከ560 ሜትር በላይ ነበር። ጆሴፍ ፓክስተን የመጀመሪያ ንድፉን ካወጣ አንድ ዓመት ሳይሞላው ቤቱ በቀኑ ተከፈተ። ይህም የሆነው ምሰሶውና መስተዋቱ በአንድ ልክ በፋብሪካ ተሠርቶ በመምጣቱና በስፍራው የቀረው ሥራ መግጠም ብቻ በመሆኑ ነው። ከሩሲያ የተላከው ዕቃ ግን በባልቲክ ባሕር በረዶ ምክንያት ዘግይቶ ደረሰ። በዚያ ባሕር በረዶ እንደሚኖር የታወቀ ነው፤ በእኛም አገር የነሐሴ ጭቃ እንዲሁ የታወቀ ነው።

ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ማኅበራት ወረቀቱ ከእንጨቱ ይበልጥ ጊዜ ይወስዳል። የሼንገን አገሮች የቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ሊገባ ይችላል፤ ውሳኔው በደንቡ 15 ቀን ሲሆን እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል። ለጥሬ ቡና ናሙናም የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ሊጠየቅ ይችላል። ከዚህም በላይ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጥበቃ ደንብ አለ። ደንቡ ቡናው የበቀለበት መሬት እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ያልተጨፈጨፈበት መሆኑ እንዲረጋገጥና የማሳው መገኛ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ተፈጻሚነቱ ሁለት ጊዜ የተራዘመ ቢሆንም ገዢው በስታንዱ ፊት ቆሞ መጠየቁ አይቀርም። የማሳዎቹ ዝርዝር በእጅ ከሌለ ያማረ ግድግዳ መልስ አይሆንም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ለጠቅላላ ጉባኤው የመጨረሻውን ሥልጣን ሰጥቶታል። ጉባኤው በየሳምንቱ የሚሰበሰብ ባለመሆኑ ትርዒቱ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ካልገባ በጀቱ ሌላ ስብሰባ እየጠበቀ ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ የትርዒቱ ስም፣ የመክፈቻው ቀን፣ የሚቀርበው ምርት፣ የተፈቀደው ገንዘብና ለድንገተኛ ነገር የተያዘው መጠባበቂያ በአንድ ቃለ ጉባኤ ላይ ሊሰፍሩ ይገባል። ኃላፊነቱም ለአንድ ሰው፣ በተወሰነ ገንዘብ ልክ የመወሰን ሥልጣን ተጨምሮለት ይሰጥ። በዋዜማው ሌሊት የተቃጠለ ገመድ ለመግዛት ሰባት የኮሚቴ አባላትን መፈለግ አይቻልምና። ይህ ሰው ያወጣውን ሁሉ በደረሰኝ ለኮሚቴው ያወራርዳል።

ትርዒቱ ሲያበቃ ስታንዱ በጥንቃቄ ይፈታል፤ ሳንቃው ቁጥር ተጽፎበት፣ ብሎኑ በከረጢት ታስሮ መጋዘን ይገባል። እያንዳንዱ ሥራ በዕቅዱ ስንት ቀን ተሰጥቶት በተግባር ስንት ቀን እንደፈጀም በመዝገብ ይጻፋል። የሚቀጥለው ዓመት ቆጠራ የሚነሣው ከዚህ መዝገብ ነው፤ የመጀመሪያው መስመርም በአውድማው ላይ ለናሙና የሚለየው እህል ይሆናል።