ስለ አውቶሞቢል መልክና ስለ ነቀፌታ

መልክ ታጥቦ አይጠጣም ይባላል። ይሁን እንጂ በብዙ ገንዘብ የሚገዛ ዕቃ አስቀድሞ በዐይን መመዘኑ አይቀርም።

በእንግሊዝ አገር ማልቨርን በሚባል ከተማ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1909 ዓመት የተመሠረተ ሞርጋን የሚባል ትንሽ የአውቶሞቢል ፋብሪካ አለ። ይህ ፋብሪካ በ2000 ዓመት ኤሮ 8 የተባለውን ፈጣን አውቶሞቢል በዥኔቭ ትርኢት አቀረበ። መሠረቱ አሉሚኒዮም፥ ሞተሩ ባለ 8 ሲሊንደር የቢኤምደብልዩ ሥራ ነበረ፤ የገላው አጥንት ግን እንደ ቀድሞው በእጅ የተሠራ እንጨት ነው። ከጎማው በላይ የሚወርደው ረዥም ክንፉም የአባቶቹን መልክ ይዞ፥ ለእኛ እጅግ ያማረ ይመስለናል።

ሕዝቡ ግን ይህን ሁሉ ትቶ ዐይኑን ተመለከተ። ከፎልክስቫገን የተወሰዱት መብራቶች ሸውራራ አስመስለውት ነበርና ብዙዎች ሣቁበት። ፋብሪካው ነፋስን ለመክፈል ይረዳል ብሎ ቢመልስም፥ ነቀፌታው ስለ በዛ ለ2007 ዓመት በተሠሩት ላይ የሚኒን መብራት አደረገባቸው። የእንጨቱን ሥራ ግን አልተወም።

እኛም የምናመሰግነው ይህን ነው። ነቀፌታን ሁሉ የሚሰማ ሰው የራሱ የሆነ ነገር አይቀርለትም፤ አንዱንም የማይሰማ ጉድለቱን ለልጁ ያወርሳል። እንግዲህ የቤት ጌታና እመቤት ሥራቸው በተነቀፈ ጊዜ፥ የተነቀፈው መብራቱ ነው ወይስ አጥንቱ ብለው ይመርምሩ። መብራት ቢለወጥ ቤቱ ያው ቤት ነው፤ አጥንቱ የተለወጠ እንደ ሆነ ግን የሌላ ሰው ቤት ይሆናል።